የእናኑ ክር

የእናቴን ሕመም መጀመሪያ ያየሁት በእግሯ ጣቶች ላይ ነው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። በፊቷማ እንደ ወትሮዋ ትስቃለች፣ ታሾፋለች፤ ጎረቤት ብቅ ሲል "ግቡ እንጂ፣ በር ላይ የሚቆም ጅብ ነው" ትላለች። እግሯ ግን ከጋቢው ጫፍ ወጣ ብሎ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የማይታይ ነገር ጨብጠው ይቆያሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን ጣቶች እያጠፍሁ እዘረጋ ነበር።

ጊዜው ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ዘመን ነው። ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ከፈጣም ወንዝ ወዲህ ካለች ኮረብታ ሥር ነበር። አባቴ ደርበው ሁለት ክረምት ሙሉ ቤት አልመጣም። የት እንዳለ ስጠይቅ "እህል ሊሸምት ቆላ ወርዷል" ይሉኛል። ሁለት ዓመት የሚሸመት እህል ምን ዓይነት እንደሆነ ግራ ቢገባኝም፣ ትልቅ ሰው የተናገረው ነገር ተመልሶ አይጠየቅምና ዝም ብዬ እህሉን እጠብቅ ነበር።

እናቴን እናኑን የጣላት ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ የወጣ እብጠት ነው። በክረምቱ መግቢያ የሽንብራ ፍሬ ታህላለች ያሏት ነገር መስከረም ሲጠባ የዶሮ ዕንቁላል አከለች። ትልልቆቹ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ "ነቀርሳ" ይላሉ። እኔ ነቀርሳ አውሬ ይመስለኝ ነበር። ጮክ ብዬ ከጠራሁት የሚሰማኝ ስለመሰለኝ እኔም ዝቅ አድርጌ ነበር የምጠራው።

ቤቱን የያዘችው የአባቴ እኅት አቻምየለሽ ናት። እቴቴ እላታለሁ። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ከእጇ ይፈጥናል። ከእናቴ ጋር ሲነታረኩ የሰማ ሰው ጠበኞች ናቸው ይላል፤ ነገር ግን አንዷ ሳትቀምስ ሌላዋ እህል አትነካም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እናኑ፤ ሲያምሽ ንገሪኝ እንጂ" ትላታለች።

"የገለጠውስ መች ተገኘለት?" ትላለች እናቴ፣ እንዝርቷን እያሾረች።

"አይ አንቺ! ሞት ራሱ ቢመጣ 'ደኅና ነኝ፣ ሌላ ቀን ተመለስ' ትይዋለሽ።"

"ከተመለሰልኝማ ምን ገዶኝ!"

እናቴ ከመደቡ ላይ ባትነሣም መፍተሏን አልተወችም። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ እያሾረች ስትስበው ክሩ እንደ ውኃ ይወርዳል። አንዳንዴ ይበጠስባታል። ያን ጊዜ ሁለቱን ጫፎች አምጥታ በሁለት ጣት ትቀጥላቸዋለች። "ቋጠሮ ሲላላ ያፈተልካል፣ ሲጠብቅ ክሩን ይቆርጣል፤ ልኩን ጣትሽ ይወቀው" እያለች እኔንም አስተማረችኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከሷ እጅ ያልተለየ ቋጠሮ እቋጥር ነበር፤ በዚያም በጣም እኮራ ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ጧት እቴቴ ለገብስ አጨዳ ማጭዷን ይዛ ከወጣች በኋላ ተመልሳ በጓሮ በኩል ጠራችኝ። ከእናቴ ልቃቂት ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን ክር በጥሳ እጄ ላይ አኖረች።

"ከእንግዲህ እናትሽን የምትጠብቂ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "አፏን አትመኚ። 'ደኅና ነኝ' ማለት ለሷ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳታስበው ነው የሚያመልጣት። እግሯን እዪ። ጣቷን ካጠፈች አንድ ቋጥሪ። ወሬ ጀምራ መሃል ላይ ትንፋሿን ከያዘች አንድ ቋጥሪ። ማንም ሳይጠይቃት 'ተዪኝ፣ ምንም አልሆንሁ' ካለችም አንድ ነው። እንዝርቱ ከእጇ ወድቆ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች ግን ድርብ አድርገሽ ቋጥሪ።"

"ይኸ ምን ያደርጋል?"

"የሚያድናት እሱ ነው።" ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች። "ለሰው እንዳትናገሪ። ለራሷም ቢሆን። እንደምታያት ያወቀች ቀን እግሯንም ትደብቅብናለች።"

የሚያድናት እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አምና ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ አንድ ደብተራ ክር ላይ እየደገመ ሰባት ጊዜ ቋጥሮ አንገቴ ላይ አስሮልኝ ነበር። "አሰርኋት፣ ከእንግዲህ አትንቀሳቀስም" አለ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ጥጃ አባረርሁ። እንግዲህ በሽታ በክር እንደሚታሰር ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? እቴቴ ደብተራ አጥታ እኔን ሾማኝ ነው ብዬ ክሩን ነጠላዬ ሥር ደበቅሁት።

ሙሉውን እውነት የነገረችኝ እቴቴ ራሷ ናት፤ እሱም ጣልያን ወጥቶ፣ እኔ አግብቼ ወልጄ፣ እሷ አርጅታ በኔ እጅ ከወደቀች በኋላ ነው። ክሩ የሚናገር እንጂ የሚያስር አልነበረም። አባቴ እህል ሊሸምት አልወረደም፤ ከፈጣም ማዶ ጫካ ውስጥ ከአርበኞች ጋር ነበር። አብረውት አለቃ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ አሉ፤ ቤታቸው ስለተቃጠለ እሳቸውም ጫካ ገብተዋል። ለእናቴ የሚያስታግስላት ሥር ያውቃሉ። ሥሩ ግን ክፉ ነው፤ ሲያንስ አይረባም፣ ሲበዛ ይገድላል። "በቀን ስንቴ እንደሚነሣባት ሳላውቅ አልሰፍርም" አሉ። መጥተው እንዳያዩአት መንገዱን ባንዳ ይዞታል። ቡሬ ምሽግ ውስጥ ሐኪም አለ ይባል ነበር፤ የአርበኛ ሚስት እዚያ ብትገባ ግን ለባሏ ወጥመድ ሆና ትቀራለች። ደብዳቤ ይዞ የተገኘ ይሰቀላል። ስለዚህ ክሩ ልቃቂት ውስጥ ይጠቀለላል፤ ልቃቂቱን ተናኜ የምትባል ፈትል ነጋዴ ቅዳሜ ገበያ ይዛው ትወጣለች፤ መድኃኒቱም በባዘቶ ተጠቅልሎ በሷው እጅ ይመለሳል።

አባቴ ደግሞ ለእኅቱ ሌላ ነገር ጭኖባት ነበር። "ቋጠሮው በቀን ከዐሥር ካለፈ መሞቷ ነውና እመጣለሁ። እንዳትደብቂኝ፤ በአባታችን አጥንት" ብሎ አስምሏታል። ይህን እኔ አላውቅም። እናቴም አታውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቋጠሮዬ እውነተኛ ነበር። ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ ተመልሶ ሦስት። ማታ ማታ እቴቴ ከጥቁር በግ ጠጕር ቆንጥራ ክሩ ላይ ታስርበታለች፤ የቀኑ ድንበር መሆኑ ነው። እቴቴ ያልነገረችኝን ምልክት እንኳ በራሴ አገኘሁ። እናቴ ሲነሣባት ላቧ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ብቻ ይወጣል። ስታንጎራጉር እኩሌታው ላይ የምትተዋት አንዲት ስንኝ አለች፤ ጤነኛ ስትሆን እስከ መጨረሻዋ ትዘልቃታለች። ውኃ ስሰጣት ቅሉን በአንድ እጅ ከተቀበለችኝ ደኅና ናት፤ በሁለት እጅ ከያዘችው ደኅና አይደለችም።

"ምን ትደብቂያለሽ ነጠላሽ ሥር?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ምንም።"

"ምንም የሚሉት ነገር እንዲህ እጅ ያስደብቃል?" ብላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ትንፋሿን ያዘች። እኔም ነጠላዬ ሥር አንድ ቋጠርሁ።

በኅዳር መግቢያ ቸኮለ መጣ። ቸኮለ ባንዳ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ጎረቤታችን ነበር፤ ከአባቴ ጋር በሬ አጣምረው አብረው ያረሱ ነበር። እናቴ ሳሉን ከአጥሩ በር ስትሰማ፣ ከሳምንት በላይ ቀና ያላለላት ጀርባ ድንገት ቀጥ አለ። "እንዝርቴን" አለችኝ። ጠመንጃውን በር ላይ አስደግፎ ሲገባ እሷ ቁጭ ብላ ትፈትላለች።

"እንዴት ሰነበትሽ፣ እናኑ? ታማለች ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"እግዜር ይስጣቸው፤ ስንፍናዬን ሕመም ብለው ሸፈኑልኝ እንጂ!" ብላ ሳቀች። "ተቀመጥ፤ ጥሩዬ፣ ጠላ ቅጂለት።"

"ደርበውስ? ሚስቱ ስትታመም አይጠይቅም?"

"ጫካ ካገባ ባል ምን ይጠበቃል? ይልቅ ካገኘኸው ጤፉ ሳይታጨድ ሊረግፍ ነው በልልኝ። ከኔ ይልቅ ለጤፉ ይመጣል።"

አባቴ ጫካ የምትባል ሴት አግብቶ የቀረ መስሎኝ ክፉኛ ተቀየምሁት። ቸኮለ እየሳቀ ጠላውን ጠጣ። ለኔ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ሰጠኝ። ሲነሣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ምድጃውን፣ መደቡን፣ መጨረሻ ላይ የእናቴን እግር። እናቴ እግሯን ወደ ጋቢው ውስጥ ሳበችው።

ኮቴው እንደራቀ እንዝርቱ ወደቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ከዚያ በፊት ሰምቼባት የማላውቀውን ድምፅ አወጣች። ትንሽ ድምፅ ነው፤ ግልገል ከእናቷ ስትለይ የምታወጣው ዓይነት። ሰውየው ዓይኑ ክፉ ነው፣ በዓይኑ በላት አልሁ። ስኳሩን ሳልቀምስ አመድ ውስጥ ቀበርሁት።

ቸኮለን ዓይኑ ሳይሆን ሥራው ነው ያመጣው። የምትሞት ሚስት ያለችው ሰው ከጫካ ይወጣል፤ ባንዳ ይህን ያውቃል። ለመሞት ምን ያህል እንደቀራት ሊለካ ነው የመጣው። እናቴም ይህን ስለምታውቅ ነው ሕመሟን ከሰው ሁሉ የደበቀችው፤ ከኛም ጭምር። እኔ እልኸኝነት ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ድርብ ቋጠሮ ቋጠርሁ። ለዚያ ድምፅ ግን አልበቃ አለኝ። ደብተራው ለኔ ለአንዲት ወባ ሰባት ቋጥሮ የለ? እናቴን የያዛት ነቀርሳ ነው። ስለዚህ ሳላይ ቋጠርሁ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ አምስት ጨመርሁ። በማግስቱም ሁለት ጨመርሁ።

ቅዳሜ ተናኜ ክሩን ወሰደች፤ ማክሰኞ ባዘቶዋን ይዛ መጣች። ተናኜ የአገው ሰው ናት፤ ምርቃቷን በአገውኛ ጀምራ በአማርኛ ነው የምትጨርሰው። እናቴን መርቃት ስትወጣ እቴቴን በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ያን ቀን እቴቴ እናቴን ያጠጣቻት መድኃኒት በማር ተለውሶ ከወትሮው እጥፍ ነበር። እናቴ ከቀትር በፊት ተኛች፤ ከብት እስኪገባ አልነቃችም። እግሯ ሥር ተቀምጬ አየሁ። ጣቶቿ እንደ ሕፃን ጣት ዘና ብለው ተዘርግተዋል። አንድም ጊዜ አልታጠፉም።

ታሰረ! አልሁ በልቤ። እኔ አሰርሁት። የደስታዬን ብዛት ዛሬም አስታውሳለሁ። አለቃ ወልደ ሥላሴ ቋጠሮውን ቆጥረው ሥሩን እንደጨመሩላት ማን ይንገረኝ?

ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰኝ! ውኃ ስቀዳ ቋጠርሁ፣ ጥጃ ስመልስ ቋጠርሁ፣ እናቴ ስትስቅ እንኳ ቋጠርሁ። በቀን ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት። ጣቶቼ ክሩን ሳላየው ያውቁታል። ቶሎ ባስረው ቶሎ ትነሣለች፤ ለልደት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር።

ዓርብ ዕለት እቴቴ ክሩን ልቃቂት ውስጥ ልትጠቀልል ዘረጋችው። ማጭድ ሲይዝ የሰነበተ እጇ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጠጕሩ ድንበር መሃል ያሉትን ቋጠሮዎች በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

"ጥሩዬ።"

"አቤት።"

"ይኸን ሁሉ አይተሽ ነው?"

"አይቼ ነው" አልኋት። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ደብተራውስ ወባዬን መች አያትና ነው የቋጠረ?

እቴቴ ወደ ውስጥ ወደ እናቴ አየች። እናቴ እያንጎራጎረች ትፈትላለች። "ወይ እናኑ!" አለች እቴቴ። "እኔ አጨዳ ላይ ስውል ለካ እንዲህ ትሆኛለሽ!" ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ክሩን ጠቀለለችው። መሐላ አለባትና ልትቀንስለት አልቻለችም።

በማግስቱ ተናኜ ወሰደችው። ከኅዳር ማርያም በኋላ ባለው ቀን ጧት፣ እቴቴ ለጤፍ አጨዳ ልትወጣ ስትል፣ ከአጥሩ በር ላይ "በእንተ ስማ ለማርያም" የሚል ድምፅ ሰማን። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ነው። ራሱም ጢሙም ተላጭቷል፤ ለተማሪነት ግን ዕድሜው ገፍቷል። እኔ የማስታውሰው አባቴ ጎፈሬው ከበር ቀድሞ የሚገባ፣ ጢማም ሰው ነው።

እናቴ ድምፁን ስትሰማ ጣቶቿ ታጠፉ፤ ዐሥሩም ባንድ ጊዜ። አዲሱን ክር አወጣሁና ድርብ ቋጠርሁ።

እቴቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "አስገቢው፤ ለበሽተኛዋ ይድገምላት" አለችኝና እሷ ወጥታ አጥሩ በር ላይ ቆመች። ተማሪው ገባ። መጽሐፍ አላወጣም፤ አልደገመም። እናቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ሁለቱን እግሮቿን በሁለት እጁ ያዘ።

"ምን አመጣዎ?" አለችው እናቴ። ተቆጥታ ነበር። ለቆሎ ተማሪ አንቱ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ ሕመሙ አእምሮዋን የነካት መሰለኝ።

"ክሩ" አለ።

"የምን ክር?"

ከደበሎው ውስጥ አውጥቶ አሳያት። የኔ ክር ነው፤ ጥቁሩ ጠጕር በየመሃሉ እንደታሰረ። ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። ወደኔ ዞር አለ። "አንቺ ነሽ የቋጠርሽው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ ኮርቼ። ነገሩም ገባኝ፤ ትልቁ አሳሪ እሱ መሆን አለበት። "አንተ ነህ የምታስርላት?"

"አዎ" አለኝ።

"እንዲያ ከሆነ ደረት ውስጥ አይቀመጥም። አንገት ላይ ነው የሚታሰር።"

"እሰሪልኛ" ብሎ ጎንበስ አለልኝ። አንገቱ ጭስና የጫካ ቅጠል ይሸታል። ከማተቡ ጎን አዙሬ አሰርሁለት፤ ሳይላላ ሳይጠብቅ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ። ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። "እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

እናቴ ጋቢውን ነክሳ ታየናለች። "ይሂዱ" አለችው። "አዩኝ፤ አየሁዎ፤ ይበቃል። በማርያም ይሂዱ።"

እቴቴ እንስራ አሸክማ ወደ ምንጭ ላከችኝ። ስመለስ ከፈጣም በኩል ተኩስ ሰማሁ። ሁለት፤ ቆይቶ አንድ። ከእህል ላይ ዝንጀሮ የሚያባርሩ መሰለኝ። ቤት ስደርስ ተማሪው የለም። እቴቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ትፈትላለች። ጣቶቿ ታጥፈዋል። እስኪዘረጉ ጠበቅሁ። ከብት ገባ፣ አልተዘረጉም። ካልተዘረጋ አንድ ነው የሚባለው ወይስ ብዙ? ይህን እቴቴ አልነገረችኝም ነበርና ክሩን እንደያዝሁ ግራ ገባኝ።

ያን ሰሞን ቤታችን ለቅሶ አልተቀመጠም። ለአርበኛ ማልቀስ በምሽጉ ትእዛዝ ተከልክሏል። ልቅሶ ስላልሰማሁ ምንም የሆነ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ተናኜ መጣች። እኔ ከጎታው ጀርባ ጥጥ እየለቀምሁ ነበር። ከጡቷ ሥር ትንሽ ነገር አውጥታ ለእቴቴ ሰጠቻት። "ቀባሪዎቹ አንገቱ ላይ ሁለት ክር አገኙ። ማተቡን ተዉለት። ይኸን ለኔ ሰጡኝ" አለች።

እቴቴ ክሩን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። "ይኸ ነው የጠራው" አለች። "በቀን ዐሥራ አምስት! የትኛው ባል ነው ይኸን ቆጥሮ ጫካ የሚቀመጥ? ደርበው ወንድሜ፣ እኔ ላክሁብህ፣ በእጄ ጠቅልዬ ላክሁብህ!"

ደርበው አለች። ከጎታው ጀርባ ሆኜ ሁሉም ነገር አንድ ባንድ መጣልኝ፤ አንቱታው፣ የጫካው ሽታ፣ ከንፈሩ፣ የዝንጀሮው ተኩስ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለኔ ነው። አባቴን ከጫካ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ተመልሶም ሲሄድ የጠራሁበትን ክር በገዛ እጄ አንገቱ ላይ አሰርሁለት።

ለእቴቴ አልነገርኋትም። እስክትሞትም አልነገርኋትም። በስተርጅናዋ እኔው ሳስታምማት "ደኅና ነኝ" ስትለኝ እግሯን እያየሁ ነው ያስታመምኋት፤ ብዙ ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ወንድሟን እሷ እንደገደለችው አድርጋ ይዛ መቃብር ወረደች። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው።

ለእናቴ ግን በማግስቱ ነገርኋት። እቴቴ አጨዳ ወጥታለች። እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

"እናቴ፣ ጨምሬ ነበር" አልኋት። "ሳላይ ቋጠርሁ። እንዲታሰርልሽ ብዬ ነው።"

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

"ክሩን አምጪው" አለች።

እቴቴ ራስጌዋ ላይ ከሰቀለችበት አውርጄ ሰጠኋት። በጣቶቿ መሃል እያሳለፈች፣ መቁጠሪያ እንደያዘ መነኩሴ ዳበሰችው። "ሰኞ የትኛው ነው?" አለችኝ። አሳየኋት።

"ሰኞ ጧት ውኃ ልትቀጂ ወርደሽ ነበር።"

"አዎ።"

"እንግዲያው አላየሽም" አለችና በሁለት ጣቷ አንድ ቋጠረች። "ማክሰኞ ማታ እዚህ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ጣለሽ። እንዳትነቂ ብዬ አልተንቀሳቀስሁም።" ሁለት ቋጠረች። "ረቡዕ እሸት እየበላሽ የዝንጀሮ ተረት ስትነግሪኝ፣ እየሳቅሁ ነበር። እሱንም አላየሽም።" ቋጠረች። "ሐሙስ ጠጕሬን ስትሠሪኝ።" ቋጠረች። ጣቶቿ አልተሳሳቱም። ከኔ ቋጠሮዎች መሃል ባዶ ባገኘችበት ሁሉ እየቋጠረች፣ እያንዳንዱን በየሰዓቱ እየጠራች፣ ክሩ ሌላ ነገር መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ሄደች።

ከዚያ መዳፌ ላይ አኖረችውና መዳፌን አጠፈችልኝ።

"አልበዛም ልጄ" አለችኝ። "ጎድሎ ነበር። አባትሽ የመጣው በእውነት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ በሽተኛ አስታምሜአለሁ፤ ባሌን፣ እቴቴን፣ አንዲት ልጄን። እግር ግማሹን ብቻ እንደሚናገር አውቃለሁ። እናቴ ያን ቀን እውነቷን ይሁን ወይም ለኔ ስትል፣ እሱን ግን ዛሬም አላውቅም። ክሩ አለኝ፤ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ያየሁትን ካላየሁት፣ የኔን ከሷ እለያለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አይለይም። መቋጠር ያስተማረችኝ እሷው ነበረች።